የሊትል ፌልቢ ደወል

እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲነሳ ብድግ ብዬ ሳህን ማጠብ የምጀምር ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ልጅ ሆኜም ጎረቤቶች እናቴ ቤት ተሰብስበው ስለ ጅኒና ስለ መንፈስ ሲያወሩ ‹‹ድመት ይሆናል›› እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነበርኩ፣ ካልጋሪ ከመጣሁ በኋላም ባለቤቴ ተስፋዬ ታክሲ ሲነዳ አየሁ የሚለውን ጉድ ሲነግረኝ ‹‹እንቅልፍህን ነው ያየኸው›› ብዬ ነው የማልፈው። ስለዚህ አሁን የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር፣ እናንተም ባታምኑኝ አልቀየማችሁም፣ ብቻ ሳታቋርጡ ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ በዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ሥራዬ አቅም ያነሳቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ መርዳት ነበር፣ ገላ ማጠብ፣ ምሳ ማሞቅ፣ መድኃኒት ማስታወስ፣ ከሁሉም በላይ ግን ቁጭ ብሎ ማዳመጥ፣ ምክንያቱም እዚህ አገር አሮጊት ሰው የሚያጣው ምግብ ሳይሆን ሰሚ ነው። ከማያቸው ሰዎች መካከል ቤልትላይን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ አንድ የድሮ አፓርትመንት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ሚስስ ኤዲት የሚባሉ እንግሊዛዊት ነበሩ። እንግሊዝኛ ለትልቁም ለትንሹም ያው ‹‹ዩ›› ቢሆንም እኔ በልቤ ሁልጊዜ አንቱ ነበር የምላቸው፣ እሳቸውም ‹‹አስቴር›› ማለት አቅቷቸው ‹‹ኤስተር›› እያሉ ይጠሩኝ ነበር። ዓይናቸው ከብርሃንና ከጥላ በስተቀር ምንም አይለይም፣ ጆሯቸው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ገና ከሊፍቱ ስወጣ በአረማመዴ ድካሜን ያውቁ ነበር።

የተወለዱት እንግሊዝ አገር ሊትል ፌልቢ የምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ነው። ሊትል ማለት ትንሹ መሆኑ ነው፣ ‹‹ታዲያ ትልቁ ፌልቢ የት ነው?›› ስላቸው ‹‹እሱን እኛም ስንፈልገው ኖርን›› ብለው ይስቃሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንደራቸው አጠገብ ከሰፈሩት የካናዳ ወታደሮች አንዱን፣ ሃሮልድ የሚባለውን የካልጋሪ ልጅ አገቡና በመርከብ ከዚያም በባቡር ተጉዘው እዚህ መጡ፣ ወለዱ፣ አሳደጉ፣ ሃሮልድን ቀበሩ፣ አገራቸውን ግን እናታቸው የሞቱ ጊዜ አንዴ ብቻ ነው ያዩት።

እግራቸውን በሞቀ ውሃ ስነክርላቸው ‹‹ኤስተር፣ ዛሬ በየት በኩል እንግባ?›› ይሉኛል። ይህ የሁለታችን ጨዋታ ነው። በኩሬው በኩል እንግባ ካልኩ፣ በጋ ላይ የጋሪ ጎማ እንጨቱ ደርቆ እንዳይላቀቅ ገበሬዎቹ ጋሪያቸውን ከነጭነቱ ኩሬው ውስጥ እንዴት እንደሚያቆሙት ይነግሩኛል፣ ከዚያ ቀጥሎ አንጥረኛው አለ፣ ፈረስ እየቀነሰ ሲሄድ ብስክሌት መጠገን የጀመረ፣ ቀጥሎ ፖስታ ቤትም ሱቅም የሆነችው አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ቴምብርና አይብ በአንድ ቢላዋ ይቆረጥባታል ይላሉ፣ ከዚያ በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለው ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ‹‹ማረሻ›› የሚባለው ወንዶቹ ከእርሻ ሲመለሱ ቢራ የሚጠጡበት ቤት፣ ከዚያ ከአንደኛው ጦርነት ላልተመለሱት ልጆች መታሰቢያ የተሠራው አዳራሽ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚጨፈረውም፣ ሰው ሲሞት የሚለቀሰውም እዚያው ነው። ረቡዕ ረቡዕ ወደ ገበያው ከተማ የሚወስድ አውቶቡስ አለ፣ ዶሮም ሰውም እኩል ይሳፈራል።

ቤተ ክርስቲያኑ ግን ከመንደሩ ርቆ ስንዴ ማሳ መሃል ብቻውን ነው የቆመው። ለምን ቢሉ፣ በጥንት ጊዜ መንደሩ እሱን ከቦ ነበር፣ ከዚያ ወረርሽኝ ገባና ቤቱን ሁሉ ባዶ አደረገው፣ የተረፉት ጥቂት ሰዎች እዚያ ማደር ፈርተው ከኮረብታው ማዶ ሄደው እንደ አዲስ ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ግን ተሸክሞ መሄድ አይቻልም። ‹‹ከዝናብ በኋላ ሣሩ ላይ የድሮዎቹ ቤቶች መሠረት እንደ ጠባሳ ይታያል፣ እኛ ልጆች ሆነን የሰው ቤት ነው ብለን በበሩ በኩል ዞረን ነበር የምንገባው›› አሉኝ አንድ ቀን። እኔ መርካቶ ጀርባ ተወልጄ ያደግኩ የከተማ ልጅ፣ እርሻ የሚባል በቅጡ አይቼ የማላውቅ፣ ያቺን መንደር ከገዛ ሰፈሬ እኩል አወቅኳት፣ ሳላስበው ተስፋዬን ራሱ ‹‹ዛሬ ረቡዕ አይደል፣ አውቶቡሱ ሞልቶ ይሆናል›› ብዬው አፍጥጦ አይቶኛል።

እሑድ እሑድ ደግሞ ከዚያው ከሊትል ፌልቢ ታላቅ ወንድማቸው ዋልተር ይደውላሉ። ዋልተር ሚስት ያላገቡ፣ የአባታቸውን መሬት ሲያርሱ የኖሩ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይ የነበሩ ሰው ናቸው። እሑድ የኔ ሺፍት ስለሆነ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ፣ ‹‹ኤስተር ነሽ? በረዶው እንዴት ይዟችኋል?›› ይሉኛል፣ ከዚያ መነጋገሪያውን የሚስስ ኤዲት ጆሮ ላይ እይዝላቸዋለሁ፣ ዋልተርም የሳምንቱን ወሬ ያወራሉ፣ ባለሱቋ አዲስ መነጽር ገዛች፣ የትምህርት ቤቱ ልጆች ባቄላ ተከሉ፣ የአውቶቡሱ ሾፌር ተቀየረ፣ አዳራሹ ቀለም ተቀባ። ከድምፃቸው ጀርባ የቁራ ጩኸት ይሰማል፣ አንዳንዴም ከሩቅ ደወል። ደወሉ ጥርት ያለ አልነበረም፣ ሚስስ ኤዲት እንደነገሩኝ ትልቁ ደወል ገና በአያታቸው ዘመን ተሰንጥቋል፣ ሲመታ የተሰነጠቀ ድስት ነው የሚመስለው። አንድ እሑድ ለዋልተር ‹‹ደወሉ ሲሰማ ደስ ይለኛል›› አልኳቸው፣ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል ነው። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ‹‹ሄሎ?›› ስል፣ በጣም ቀስ ብለው ‹‹አንቺ ይሰማሻል?›› አሉኝ። ‹‹አዎ፣ በደንብ›› አልኩ። ‹‹መልካም›› አሉና ሌላ ምንም ሳይናገሩ እህታቸውን እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ። ያኔ ምንም አልመሰለኝም።

አሁን ወደዚያች ቀን ልውሰዳችሁ። የካቲት ነው፣ ከተራራው በኩል ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ገብቶ ሳምንቱን ሙሉ የተቆለለው በረዶ በአንድ ቀን ይንጠባጠባል፣ ካልጋሪ የኖረ ያውቀዋል፣ ሰው ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ይሄዳል፣ ራስ ይከብዳል። ከሰዓት በኋላ ስገባ ሚስስ ኤዲት ሳሎን ወንበራቸው ላይ አሸልበው ነበር፣ ኮቴን ሳላወልቅ የወጥ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የሟች እህታቸው ልጅ ጂን ናት፣ ከእንግሊዝ።

‹‹ኤስተር፣ አክስቴ አጠገብሽ ናት?››

‹‹ተኝተዋል።››

‹‹አጎቴ ዋልተር ዛሬ ጠዋት አረፈ። እባክሽን እንዳትነግሪያት። ማርጋሬት ነገ ጠዋት ከቫንኩቨር ትደርሳለች፣ ልጇ እጇን ይዛ ትንገራት።››

ማርጋሬት የሚስስ ኤዲት አንድ ልጃቸው ናት። እሺ አልኩ፣ ቃል ገባሁ፣ ደግሞ ልክ መስሎ ታየኝ፣ እኛም አገር መርዶ እንዲህ በስልክ አይለቀቅም፣ የቅርብ ሰው በጠዋት ተሰብስቦ ሄዶ፣ ግራ ቀኝ ደግፎ ነው የሚነገረው። ፊቴን ታጠብኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግኩ፣ ሾርባ ጣድኩ።

‹‹ማን ነው የደወለው?›› አሉ ከሳሎን።

‹‹ከሥራ ነው፣ ሚስስ ኤዲት።››

ሾርባውን ይዤ ሄድኩና ከጎናቸው ተቀመጥኩ፣ እንደ ወትሮው እንዲመስል ብዬ ‹‹ዛሬ በየት በኩል እንግባ?›› አልኩ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ‹‹ዛሬስ ጭቃ ነው፣ ጫማሽ ይበላሻል›› አሉኝ። ያኔ ነው ሽታው የመጣው። የረጠበ አፈርና የረጠበ ድርቆሽ፣ የከብት ትንፋሽ ያለበት። በረዶው ቀልጦ ነው አልኩ ለራሴ፣ የቤልትላይን በረዶ ሲቀልጥ ግን የሚሸተው የመኪና ዘይትና የሲጋራ ቁራጭ ነው፣ ስንት ክረምት አሳልፌበት የለ። ቀጥሎ ቁራዎች ሰማሁ፣ አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ፣ እንደ ገበያ ሰው የሚንጫጩ። ከዚያ ሁሉም ባንዴ ጸጥ አለ። እመኑኝ፣ ጸጥታውን ነው የፈራሁት፣ ነፋሱ ቆመ፣ ሁልጊዜ የሚያጉረመርመው ፍሪጅ ቆመ፣ መብራቱ እንደበራ ነው።

ያኔ ደወሉ መጣ።

የተሰነጠቀ ድስት በእንጨት ሲመታ ዓይነት ነው፣ ከስልኩ ውስጥ የማውቀው ያው ድምፅ፣ አሁን ግን ስልክ የለም። ሦስቴ መታና ቆመ። ሦስቴ። ሦስቴ። ሚስስ ኤዲት ጣታቸውን አንስተው ‹‹ለሴት ቢሆን ሁለት ሁለት ነበር፣ ወንድ ነው›› አሉ። በአገራቸው ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወንድ መሆኑን ሴት መሆኑን ይደውላሉ፣ ቀጥሎ ለኖረበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ጊዜ፣ ማሳ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማረሱን አቁሞ ይቆጥርና ማን እንደሞተ ያውቃል፣ ይህን ድሮ ነግረውኝ ነበር። አንድ በአንድ መምታት ጀመረ። እሳቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ እየቆጠሩ ነው፣ እኔ መቁጠሩም አልሆነልኝ፣ ተነስቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ታች አንድ ሰውዬ የመኪናውን መስታወት ይፈገፍጋል፣ ቀና አላለም፣ አንዲት ሴት ውሻ ትጎትታለች፣ ውሻውም ጆሮውን አላቆመም። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይኼ ነው፣ መስኮቱ ሲከፈት ድምፁ አልጨመረም፣ ስዘጋውም አልቀነሰም።

ሲያበቃ ፍሪጁ ማጉረምረሙን ቀጠለ፣ ነፋሱም መስኮቱን መታ። ሚስስ ኤዲት ‹‹ሰባ ዘጠኝ›› አሉ። ቀጥለው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ‹‹ዋልተሬ›› አሉ። እኔ ዋልተር ስንት ዓመታቸው እንደሆነ አላውቅም ነበር፣ በእናቴ እምላለሁ አላውቅም ነበር። እግራቸው ሥር ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ ምንም አልተናገርኩም፣ እሳቸው ናቸው ፀጉሬን እየዳበሱ ‹‹ቃል አስገብተውሻል፣ አይደል? እንግዲያው ዝም በይ፣ ቃልሽን አታጥፊ›› ያሉኝ። ሾርባው ቀዘቀዘ። መሸ። እንዲያው እጅ ለእጅ ተያይዘን ተቀመጥን።

ማታ ለተስፋዬ ነገርኩት። ‹‹የድሮ ቤት ነው፣ የማሞቂያው ቧንቧ ይሆናል›› አለኝ። ‹‹ቧንቧ ሦስት ሦስት ጊዜ እየመታ ያርፋል?›› አልኩት። ትንሽ አሰበና ‹‹በይ ተኚ አስቱ፣ ደክሞሻል›› አለኝ፣ እኔ ሁልጊዜ ለሱ የምለውን ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ማርጋሬት ስትመጣ እኔም ነበርኩ። እናቷ ጥቁር ቀሚሴን አልብሺኝ ብለውኝ አልብሻቸዋለሁ፣ ፀጉራቸውን አበጥሬያለሁ። ማርጋሬት ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ‹‹ስለ ዋልተር ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው፣ ነይ ተቀመጪ የኔ ልጅ›› አሏት። እሷ ግን አልተቀመጠችም፣ ወደኔ ዞረች፣ ወጥ ቤት አስገባችኝና በሩን ገፋ አደረገችው።

‹‹ለጂን ቃል ገብተሽላት ነበር።››

‹‹አልነገርኳቸውም።››

‹‹ታዲያ ማን ነገራት?››

‹‹ደወሉን ሰማን!›› አሉ ሚስስ ኤዲት ከሳሎን፣ ጆሯቸውን ነግሬያችኋለሁ፣ ‹‹ኤስተርም ሰምታለች!››

ማርጋሬት ፊቴን አየችው። ‹‹ሰምተሻል?››

አልሰማሁም ብል ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ግን አሮጊቷ ማዶ ጆሯቸውን አቅንተው እየጠበቁ ነው፣ ብቻቸውን እብድ ላደርጋቸው አልቻልኩም። ‹‹ሰምቻለሁ›› አልኩ።

ወንበር ስባ ቁጭ አለችና በደከመ ድምፅ፣ እናቷ እንዳይሰሙ እየተጠነቀቀች ነገረችኝ። የሊትል ፌልቢ ደወል ወርዷል። ግንቡ ስለተሰነጠቀ ደወሎቹን ካወረዷቸው ዓመታት አልፈዋል፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተቆልፏል። ዋልተርም መሬቱን ትተው የገበያው ከተማ ውስጥ ባለ የአረጋውያን ቤት ከገቡ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል፣ እሑድ እሑድ የሚደውሉት በወጥ ቤቱና በልብስ ማጠቢያው መካከል ካለ ኮሪደር ነው፣ መስኮት እንኳ የለውም። እህታቸው እንዳያዝኑ ብለው ቤተሰቡ ሁሉ ተስማምቶ ነው ዝም ያለው።

‹‹ሱቁስ?›› አልኳት፣ ስለ ገዛ ዘመዶቼ የምጠይቅ ነው የመሰለኝ።

‹‹ተዘግቷል።››

‹‹ትምህርት ቤቱ?››

‹‹የለንደን ሰዎች ገዝተው ቅዳሜና እሑድ ያርፉበታል።››

‹‹ረቡዕ የሚሄደው አውቶቡስ?››

‹‹ኤስተር፣ ምንም የለም። መሬቱን አንድ ኩባንያ በሁለት ትራክተር ያርሰዋል። በቃ።››

እንባዬ መጣ፣ አይታችሁ ለማታውቁት አገር አልቅሳችሁ ታውቃላችሁ? አንጥረኛው፣ ኩሬው፣ መጋረጃ ያለው ክፍል፣ ሁሉም በአንድ ጠዋት ሞተብኝ። ‹‹ጋሼ ዋልተር›› አልኩ በአማርኛ ሳይታወቀኝ፣ እንዴት እየጨነቃቸው በየሳምንቱ ያንን ሁሉ ወሬ ይፈጥሩ እንደነበር አስቤ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ‹‹ታዲያ በስልክ የምሰማቸው ቁራዎችስ? እዚያ ኮሪደር ውስጥ?›› ብዬ ጠየቅኳት። ማርጋሬት የታመመ ሰው እንደሚታይ አየችኝና ተነስታ ወጣች። ስንት ዓመታቸው ነበር ብዬ መጠየቁን ተውኩት። እናቷ ግን ሰባ ዘጠኝ መቁጠራቸውን ነግረዋት ነበር፣ ከሰዓት ጂን ደውላ፣ ድምጿ እኔ ድረስ እየተሰማ፣ ‹‹ባለፈው ወር ነው ሰባ ዘጠኝ የሞላው›› ስትል ማርጋሬት ራሷ ደጋግማ ‹‹ስንት?›› ስትላት ሰምቻለሁ።

ሺፍቴ አልቆ ልወጣ ስል ሚስስ ኤዲት እጄን ያዙኝ። ‹‹ደወሉ ወርዷል አለችሽ፣ አይደል?››

ምን ልበል፣ ‹‹አዎ›› አልኩ።

‹‹ከወረደ ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። ወንድሜ ሲዋሽ ቃላቱን ያስረዝማል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚያ ነው። ለኔ አስቦ ይህን ያህል ደክሞ ሲዋሽልኝ ለምን ደስታውን ልንጠቀው?›› ካሉ በኋላ ፊታቸውን ወደ ፊቴ አስጠጉ፣ የማያይ ዓይናቸው ውስጥ ሥጋት ነበር። ‹‹ለኔ መሰማቱ አይገርመኝም፣ የመንደሩ ሰው ነኝ። አንቺ ግን ኤስተር፣ አንቺ ለምን ሰማሽው? እዚያ ለተወለደ ነው የሚደወለው። ይቅር በይኝ ልጄ፣ ምናልባት ብዙ አውርቼብሽ ይሆናል።››

ይቅርታ የጠየቁኝ ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። በሦስተኛው ቀን ከኦፊስ ኮል አድርገው ማርጋሬት ሌላ ሠራተኛ እንዲላክ ጠይቃለች፣ እናቷን ከእውነት የሚያርቅ ነገር ትነግሪያቸዋለሽ ብላለች አሉኝ። ልሰናበታቸው ብላቸው አይሆንም አሉኝ። ወር ሳይሞላ ሚስስ ኤዲትን ወደ ቫንኩቨር እንደወሰደቻቸው የሕንፃው ጠባቂ ነገረኝ፣ አድራሻ አልተወችም፣ እኔም የምጠይቅበት መብት የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ሥራ ቀይሬያለሁ፣ ቤት ቀይረን ካስልሪጅ የሚባል ሰፈር ገብተናል፣ ልጆች ወልጃለሁ። ሚስስ ኤዲት በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፣ የሚያረዳኝ ሰው የለም። ልጆቼ ግን አንድ ነገር ያማርሩብኛል፣ ቤቱ ጸጥ ሲል አልወድም፣ ሬዲዮ ሳይከፈት አልቀመጥም፣ ሳበስል፣ ስተኛ፣ መኪና ውስጥ፣ ተስፋዬ ተነስቶ ቢያጠፋው እንኳ ከእንቅልፌ ነቅቼ መልሼ እከፍተዋለሁ። ትልቋ ልጄ በቀደም ‹‹ማሚ፣ ላይክ፣ አትሰሚውም እኮ፣ ታዲያ ለምን ትከፍቺዋለሽ?›› አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሰምቼው አላውቅም። ‹‹ዝም ብሎ ይሁን›› አልኳትና ድምፁን ትንሽ ጨመርኩት።